በፒያኖው ሆድ የተጻፉ ቁጥሮች

በማገገሚያ ተቋሙ የሥራ ደንብ ውስጥ ፍቅር የተነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንቀጽ አስራ አራት፣ «የተከለከሉ ነገሮች» ከሚለው ርዕስ ሥር፣ ሲጋራ ከማጨስና የበር ቁልፍ ከማስቀረጽ ቀጥሎ። የሙዚቃ ባለሙያዋ ስትቀጠር ሦስቱንም አንብባ፣ ሦስቱም እንደማያሰጓት እርግጠኛ ሆና ፈርማለች። ሲጋራ አታጨስም፤ ቁልፍም አታስቀርጽም።

ያ ከሆነ አስራ አንድ ወሩ ነው። ዛሬ ጠዋት በዋና ሐኪሙ ቢሮ ተቀምጣ፣ ስለ ሦስተኛው ላለማሰብ እየታገለች ነበር።

ሐኪሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ምንም አያመልጠውም። በቀይ እስክሪብቶ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገና፣

«ሰባት ታካሚ ሰጥተንሽ ነበር» አላት። «የስድስቱ አምሮት ወርዷል፤ ደስ ብሎኛል። ሰባተኛውን እስኪ እዪው።»

ማየት አላስፈለጋትም። መስመሩን በቃሏ ታውቀዋለች።

የሙዚቃ ክፍሉ አሠራር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ታካሚ ሲጠጣ ይሰማው የነበረ አንድ ዜማ አለው። ዜማውን በሰማ ቁጥር መጠጡ ውል ይለዋል። ባለሙያዋ ያንኑ ዜማ ጠርሙስ በሌለበት ክፍል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጋግማ ትጫወትለታለች። አምሮቱ ሲመጣ አብራው ተቀምጣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። በር ቆሞ እንደሚያንኳኳ ሰው ነው፤ ካልከፈቱለት ደክሞት ይሄዳል። ከዚያ ታካሚው ቅጽ ይሞላል፦ ዛሬ አምሮቱ ምን ያህል ነበር? ከዜሮ እስከ አስር።

«ሰባት ብሎ ጀመረ» አለ ሐኪሙ። «በአምስት ሳምንት ተኩል ሦስት ገባ። ከዚያ ወዲህ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት። ይሄ ሰው እየዳነ ሳይሆን እየባሰበት ነው። የሚያባብስበት ደግሞ ያንቺ ፒያኖ ነው።»

«አይጠጣም እኮ ዶክተር። የደም ምርመራው ንጹህ ነው።»

«እስከ ዛሬ ነዋ።» መነጽሩን ፈልጎ አገኘውና አወረደው። «ክፍሉን ለሙከራ ነው የከፈትነው። ታካሚን ያባሰ ሕክምና አይቀጥልም፤ ይሄን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል። ቃኚውን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ለምክር ክፍሉ ታስረክቢዋለሽ።»

አልተከራከረችም። ለዚህ ክፍል ስትል ከዘመድ ጓደኛ ተቆራርጣ ላይ ታች ስትል ከርማለች፤ መዘጋቱ ያማል። ያሳፈራት ግን ከክፍሉ ቀድሞ ያመማት ሌላ መሆኑ ነው። ሰውየው አጠገቧ ተቀምጦ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ፣ ልቡ ስምንት እጅ ከመጠጡ ጋር ነበር ማለት ነው። ሴት በሴት ብትቀና ወግ ነው። እሷ የቀናችው በጠርሙስ ነው።

ቃኚውን ሁሉም የሚጠራው በሙያው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሆቴልና የሀብታም ቤት ፒያኖ ሲቃኝ ኖሯል። ችግሩ የሆቴል ፒያኖ ከመጠጥ ባንኮኒው አጠገብ መቆሙ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ ለሙከራ አንድ ለስለስ ያለ ዜማ ይጫወታል፤ ሁልጊዜ ያንኑ። ዜማው ሲያልቅ አስተናጋጁ አንድ ብርጭቆ ያቀርብለታል። መጀመሪያ ለምስጋና ነበር። ቆይቶ ብርጭቆው ካልመጣ እጁ አልረጋ አለው። በመጨረሻ ዜማውን ገና ሲጀምረው ምራቁ አፉን ይሞላው ጀመር። ሥራውንም፣ ቤቱንም፣ ጥሩ ስሙንም ውሃ በላቸው።

ከሦስት ወር በፊት ወደ ሙዚቃ ክፍሉ የገባ ቀን ለባለሙያዋ ሰላምታ አልሰጠም። በቀጥታ ወደ ፒያኖው ሄዶ ክዳኑን ከፈተና ጆሮውን አስጠጋ። ተቋሙ በስጦታ ያገኘው፣ አይጥ የከተመበት አሮጌ ዕቃ ነው።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለ፤ ለፒያኖው ነው።

በነጻ ልጠግነው ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። አዲስ ሽቦ ቶሎ ይላላልና፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሕክምናው በኋላ ብቻውን እየቀረ ያጠብቀዋል። አንድ ቀን ቁልፎቹን ነቅሎ ወለሉ ላይ ደርድሮ ደረሰችበት። ከውጭ አጭር ነጭ ጥርስ የሚመስለው የፒያኖ ቁልፍ ለካ ወደ ውስጥ ክንድ የሚያህል እንጨት ነው። እንጨቱ ጎን ላይ በእርሳስ ጽሑፍ አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የኛ የቃኚዎች ልማድ ነው ቲቸር» አላት። አባቷ የሚሆኑ ታካሚዎች እንኳ ቲቸር ነው የሚሏት። «የቃኘንበትን ቀንና የዕቃውን ሁኔታ እንጽፋለን፤ ከኛ በኋላ ለሚመጣው ሰው። ለባለቤቱ ‹አንደኛ ሆኗል› ልንል እንችላለን። እዚህ ግን አይዋሽም። ውሸት የጻፍን እንደሆነ ቀጣዩ ሰው ጠንካራ መስሎት ሲያጠብቅ ሽቦ ይበጥሳል፤ ዓይኑም ሊጠፋ ይችላል።»

ሌላ ቀን ደግሞ ዜማው አልቆ፣ አምሮቱም መጥቶ ከሄደ በኋላ ወደ እሷ ዞረ።

«እርስዎስ ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ዜማው ሲያልቅ። ስንት ይሞላሉ?»

«ባለሙያ ቅጽ አይሞላም።»

«ጥሩ ሥራ ነው» አለና ፈገግ አለ። ያን ቀን ዓይኗን ከወረቀቷ ላይ ሳታነሳ ቀረች፤ ወረቀቱ ባዶ ነበር።

ዛሬ ግን ፒያኖው ጋ አልተቀመጠችም። ጠረጴዛውን መሀል አድርጋ፣ በደንብ አስከባሪ ድምፅ ነገረችው። ክፍሉ ይዘጋል፤ እሱ ወደ ምክር ክፍሉ ይሄዳል፤ ከእንግዲህ እሷ አትጫወትለትም።

ፊቱ ደም አጣ።

«በኔ ምክንያት ነው የሚዘጋው?»

«በቁጥሩ ምክንያት ነው።»

«ቁጥሩን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«እውነቱን ስለሞሉ ማንም አይወቅስዎትም። እንዲያውም አመሰግናለሁ። ስንት ሰው ነው እኔን ደስ ለማሰኘት ዝቅ አድርጎ የሚጽፍ።» ቃላቱን ቀድማ አዘጋጅታቸው ስለነበር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ያልቻልኩት እኔ ነኝ። የኔ አጨዋወት ነው የጎዳዎት።»

አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ሊናገር፣ ሊፈነዳ የደረሰ ሰው ይመስል ነበር። እሷ ግን ሌላ ቃል ከሰማች እንደምታለቅስ አውቃ እጇን አነሳች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቸኩያለሁ።»

አልቸኮለችም፤ የምትሄድበትም የላትም። የመሣሪያ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። የዕለቱ ቅጽ ሳይሞላ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። በመስኮት ተከተለችው። ከግቢው በር በስተቀኝ የአውቶቡስ ማቆሚያው ነው፤ ወደ ማደሪያው የሚሄደው በዚያ ነው። በስተግራ እስከ አደባባዩ ድረስ መጠጥ ቤት በመጠጥ ቤት ላይ ነው።

በሩ ላይ ትንሽ ቆመና ወደ ግራ ዞረ። ተከትላው ልትሮጥ ከጅሏት፣ ደንቡ አስሯት፣ መስታወቱን ይዛ ቀረች። እንዲህ የፈራችበትን ቀን አታስታውስም።

ከሰዓት በኋላ ምሳ ልትበላ አባቷ ዘንድ ሄደች። አባቷ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ እሱ ከችሎት ቢወርድም ችሎቱ ከእሱ አልወረደም። የሾርባውን ጨው እንኳ በማስረጃ ነው የሚመረምረው።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

የታካሚ ነገር አይወራም፤ ታውቃለች። ግን ሆድ ብሷት ነበርና ክፍሉ እንደሚዘጋ ነገረችው። በአንድ ታካሚ ቁጥር ምክንያት መሆኑንም ጨመረች። ከዚያ «ፒያኖ ቃኚ» የምትለዋ ቃል አመለጠቻት።

አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ረጅም? ትከሻው ጎበጥ ያለ? እኛም ቤት መጥቶ ነበር፤ አንቺ ኮሌጅ እያለሽ፣ እናትሽም በሕይወት እያለች። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሰክሮ መጣ። ቃኝቶ ሲወጣ ደረጃው ላይ መሣሪያውን ዘረገፈው። እኔው ነኝ በሩን ያሳየሁት። ከዚያ ወዲህ አንደኛው ድምፅ እንደተበላሸ ቀረ፤ እናትሽም ሌላ ሰው አላመጣም አለች።»

«አሁን አይጠጣም አባዬ።»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊቴ እየቆሙ ማሉልኝ። ሱሰኛ እውነት አይናገርም። ቢናገርም ለራሱ ሲያስፈልገው ነው።» ከዚያ ትክ ብሎ አያት፤ ልጁን ያውቃታል። «ይሄ ሰው ላንቺ ምንሽ ነው?»

«ታካሚዬ ነው። ነበር።»

ዳኛው ስንት ምስክር ያየ ሰው ነው፤ ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም።

ዓይኑን ለመሸሽ ተነስታ ወደ እናቷ ፒያኖ ሄደች። የተበላሸውን ቁልፍ ነካችው፤ ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ የሚያላዝን ድምፅ አወጣ። እናቷ ስትጫወት በዚህ ድምፅ ላይ ስትደርስ ፊቷን እያጨማደደች ታልፈው እንደነበር ትዝ አላት። ያኔም፣ አሁንም ማንም ምን እንደነካው አይቶት አያውቅም። ቃኚው ሲያደርግ እንዳየችው የፊቱን ጣውላ አነሳች። ቁልፉን በሁለት ጣቷ ከችንካሩ ላይ ከፍ አድርጋ ሳበችው፤ ከነአቧራው ወጣ። ጎኑ ላይ በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ተጽፏል።

«ዛሬ ሰክሬ ነው የቃኘሁት። ይህ ድምፅ ልክ አይደለም። ቀጣዩ ባለሙያ ያስተካክለው። የቤቱን እመቤት ይቅርታ ጠይቁልኝ።» ከሥሩ ቀንና ፊርማ።

ወስዳ አባቷ ፊት፣ ከሾርባው ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። ዳኛው አነበበው። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበው።

«ጥፋቱን አምኗል» አለ በመጨረሻ። «ማንም ሳይጠይቀው። ማንም እንደማያየው እያወቀ።»

«ቃኚዎች እዚህ ላይ አይዋሹም፤ እሱ ነው የነገረኝ» አለች። ይህን ስትል የራሷን ቃል ሰማችው። ሦስት ወር ሙሉ፣ ሃያ አራት ጊዜ፣ ሰውየው ቅጹን ሞልቶ ከሰጣት በኋላ ብቻውን ከፒያኖው ጋር ይቀር ነበር።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» አላት አባቷ። አልሰማችውም። ተስፋ መጣባት፤ የተሰማት ግን እንደ ሕመም እንጂ እንደ ደስታ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ሠራተኛ ቀድማ ገባች። የፒያኖውን ጣውላ አንስታ የግራውን የመጀመሪያ ቁልፍ ሳበች። ቀን፤ ከጎኑ «ሰባት»። ሁለተኛው፣ «ሰባት»። ሦስተኛው፣ «ስድስት። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሰውነቷን አዙራ እንዳላየች ሆነች። አመሰገንኳት፣ በልቤ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የታካሚውን ቅጾች ከጎኗ ደረደረች። እስከ አስራ አንደኛው ድረስ እንጨቱና ወረቀቱ አንድ ናቸው። አስራ ሁለተኛው ላይ ተለያዩ።

«ሁለት። ቅጹ ላይ አራት አልኩ። ከሦስት በታች ሦስት ሳምንት ከቆየሁ ጨርሰሃል ብለው ይሸኙኛል።»

አስራ አምስተኛው፤ «አንድ። አምስት አልኩ። ዛሬ ጸጉሯን አሳጥራለች።»

አስራ ዘጠነኛው፤ «ዜሮ። ስድስት አልኩ። የመጠጡ አምሮት ሄዷል። የቀረው የእሷ ነው፤ ለሱ ቅጽ የለም።»

ሃያ አራተኛው፤ «ዜሮ። ስምንት አልኩ። ውሸቱ ከራሴ በቀር ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው። አፍሬያለሁ፤ ግን አልተውኩም።»

መጀመሪያ ቆሽቷ አረረ። እሷ ራሷን ስትወቅስ፣ ሌሊት መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ የቱ ጋ ነው የሳትኩት እያለች ጣቷን ስትቆጥር፣ እሱ ድኖ ተቀምጦ ነበር። የድካሟን ፍሬ፣ በሙያዋ የሠራችውን ትልቁን ነገር፣ ሰረቃት። ቀጥሎ አለቀሰች፤ ለየትኛው እንደሆነ ለመለየት አልሞከረችም። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ሃያ አራቱን ቁልፎች በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ከረጢት ከተተችና ወደ ዋና ሐኪሙ ቢሮ ወጣች።

በሩ ክፍት ነው። ቃኚው ሐኪሙ ፊት ቆሟል። ጺሙን ተላጭቷል፤ ዓይኖቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ትናንት ወደ ግራ የዞረ ሰው አይመስልም። እሷን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ግቢ፣ አንቺንም ይመለከትሻል» አለ ሐኪሙ። «ገና በሩ ሳይከፈት ነው ደጄ ላይ ያገኘሁት። ደሙን አስመረመርነው፤ ንጹህ ነው። ዋሽቻለሁ ይላል፤ ድሮ ነው የዳንኩት፣ እዚህ ለመቆየት ብዬ ነው ይላል። እኔ ደግሞ አላመንኩትም። ክፍሉ መዘጋቱን ሲሰማ አንጀቱ አልችል ብሎ፣ አንቺን ለማትረፍ የፈጠረው ይመስለኛል።»

«እውነቴን ነው» አለ ቃኚው።

«ማስረጃ አለህ?»

ዝም አለ። ባለሙያዋ ለምን ዝም እንዳለ ገባት። ማስረጃው እጇ ላይ ነው፤ ግን እንጨቱ ላይ ከቁጥሩ ጋር ጸጉሯ አለ፣ እሷ አለች። ቢያወጣው ክፍሉን ያተርፋል፣ ስሟን ያነሳል። ለዚህ ነው ውሸታም ተብሎ መቆሙን የመረጠው። እሷም ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ክፍሉ ይዘጋል፤ ቃኚው ግን የምክር ክፍሉ ታካሚ ሆኖ እዚሁ ግቢ ይቆያል፤ በየሳምንቱ በመስኮት ታየዋለች። ይህን አሰበችው። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ከልቧ ተመኘችው።

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በተራ ደረደረቻቸው። «ቲቸር፣ አይሆንም» አለ ቃኚው በዝቅተኛ ድምፅ። አልመለሰችለትም።

ሐኪሙ መነጽሩን አወረደ። እያንዳንዱን ቁልፍ ከቅጹና ከቀኑ ጋር አስተያየ። አስራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሃያ አራተኛውን አስቀምጦ ቅጾቹን ሰበሰበ።

«የዚህ ሰው አምሮት ዜሮ ከገባ ሦስት ሳምንት አልፎታል» አለ። «ከሰባቱ ሰባቱም ድነዋል ማለት ነው። ክፍሉ ይቀጥላል።» ከዚያ ድምፁን ለወጠ። «አንቀጽ አስራ አራትን ታስታውሺዋለሽ?»

«አስታውሰዋለሁ።»

«የቀድሞ ታካሚና ሠራተኛ አንድ ዓመት አይገናኙም። ስልክ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ በአጋጣሚ ተገናኘን የለም።» ወደ ቃኚው ዞረ። «ክፋት እንዳይመስልህ። ከመጠጥ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ያገኘውን ሁሉ ምርኩዝ ያደርጋል። ምርኩዙ የተነሳ ቀን ይወድቃል። ይቺን ልጅ ምርኩዝ አታድርጋት። ብቻህን ቆመህ አሳየን፤ ከዚያ በኋላ እኔ ምን አገባኝ።»

ቃኚው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«በል፣ የፒያኖዬን ጥርስ አርግፋችሁታል። መልሰህ ግጠምና ሂድ። ገጥመህ እስክትጨርስ ድረስ ታካሚያችን ነህ።»

ሐኪሙ ይህን ያለው ለፒያኖው ብቻ ብሎ እንዳልሆነ ሁለቱም ገባቸው። የሽማግሌ ደግነቱ እንዲህ ነው፤ ዞር ብሎ ሌላ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። መነጽሩ ዓይኑ ላይ እያለ መነጽሩን መፈለግ ጀመረ።

ቃኚው ከፒያኖው ፊት ተንበርክኮ ከግራ ጀመረ። ሃያ አራት ቁልፍ መግጠም ለእሱ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ዛሬ አንዱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ነበር የሚጠርገው። ባለሙያዋ መስኮቱ ጋ እጆቿን አጣጥፋ ቆመች።

«ሰረቅከኝ» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው፤ ሁለቱም አላነሱትም። «ስድስት ሳምንት ሙሉ ሰው ገደልኩ ብዬ ነው ስተኛ የነበረው። ታውቃለህ?»

«ትናንት ነው ያወቅኩት።»

«ትናንትስ ለምን አልተናገርክም?»

«አመሰገንሽኝ እኮ። ‹እውነቱን ስለሞሉ› ብለሽ።» እጁ ቆመ። «ሃያ ዓመት ስጠጣ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ አባትሽም አሉበት። ስምሽን ከነአባትሽ የቅጹ ሥር ሳየው ነው የማን ልጅ እንደሆንሽ ያወቅኩት። እንደዚያ ምስጋና ግን ማንም አልሰደበኝም።»

«ትናንት ወደ ግራ ሄድክ።»

«ሄድኩ።»

መጠየቅ ፈራች። እሱ ቁልፉን ገጥሞ ሌላ አነሳ።

«አደባባዩ ጋ ካለው ሆቴል በር ላይ ቆምኩ። ከውስጥ አንድ ሰው ፒያኖ ይጫወታል። ያቺን ዜማ አይደለም፤ ግን ለኔ ሁሉም ያቺው ሆነችብኝ። ምራቄ አፌን ሞላው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዜሮ የነበረው ሁሉ ተጠራቅሞ መጣ።» ከቦርሳው ሹካ የመሰለውን የቅኝት ብረት አወጣና አሳያት። «ይሄን ጉልበቴ ላይ መታሁና መንጋጋዬ ላይ አስደገፍኩት። ድምፁ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሌላ ነገር አያሰማም። ሲያልቅ ደግሜ መታሁት። አንቺ እንዳስተማርሽኝ፤ በሩን ሳልከፍት። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። ዘበኛው ‹ጤና የለህም እንዴ?› አለኝ። ‹እያመጣሁት ነው› አልኩት።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጆሮዬ ተከፈተ። የሆቴሉ ፒያኖ ለካ ቅኝቱ ጠፍቷል፤ ሰው አልነካውም። ሃያ ዓመት ልቤን የወሰደው ነገር ያ ነው? ትቼው ሄድኩ።»

ሃያ አራተኛውን ገጠመ። ሃያ አምስተኛውን ነቀለና፣ ከጆሮው ሥር እርሳሱን አውጥቶ፣ እያየችው የትናንቱን ቀን ጻፈ። ከጎኑ «አስር። አልጠጣሁም» ብሎ አሳያትና ወደ ቦታው መለሰው። ያልተሞላው ቅጽ ተሞላ።

«ናፍቆት እንደ መጠጥ ነው የሚያደርገው?» ብላ ጠየቀችው። ሙያዊ ጥያቄ ለማስመሰል ሞክራ ነበር።

«ይብሳል። መጠጡ ቢያንስ ከኔ አይርቅም ነበር።» ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ። «ዓመቱን እችለዋለሁ። ስላንቺ ብዬ አይደለም፤ ሐኪሙ ልክ ናቸው። ቆሜ መምጣት ስላለብኝ ነው። አንቺ ግን እንድትጠብቂኝ አልጠይቅሽም።»

«አልጠየቅከኝም» አለች። እንባዋ ሲወርድ አላበሰችውም። «እንዳልጠየቅከኝ እመሰክርልሃለሁ።»

በሁለቱ መሀል ሦስት እርምጃ ያህል ነበር። አንዳቸውም አልተራመዱም። እየተያዩ ቆሙ፤ ያን ያህል ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ቅጽም ወረቀትም መሀላቸው የለም። ከዚያ ቃኚው ወደ ፒያኖው ተመልሶ በቀኝ በኩል ያለውን የመጨረሻውን ቁልፍ ነቀለ። ጀርባውን ሰጥቷት አንድ ነገር ጻፈና ገጠመው።

«ይሄን ስሄድ እዪው» አላት።

ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። በመስኮት ተከተለችው። ግቢው በር ላይ ትንሽ ቆመና ወደ ቀኝ ዞረ፤ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው። እስኪሰወር ድረስ አየችው፤ ከተሰወረም በኋላ አየችው።

ከዚያ የመጨረሻውን ቁልፍ ሳበች። እንጨቱ ላይ ቃኚዎች ሁሉ ሥራቸውን ሲጨርሱ የሚጽፉት ዓይነት ማስታወሻ ነበር። «ቀጣይ ቅኝት፦ የዛሬ ዓመት፣ በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሰዓት። እስከዚያ ማንም አይንካው።» ከሥሩ ለቁጥር የሚሆን ቦታ ባዶውን ትቷል።

ፒያኖ ዓመት ሙሉ ሳይቃኝ ከከረመ ድምፁ እንደሚላላ እሱ ከማንም በላይ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ታካሚዎቿ በላላ ፒያኖ ይድናሉ፤ ምን ይደረግ።

ኮሪደሩ ላይ የሚቀጥለው ታካሚ ጉሮሮውን ጠረገ። ባለሙያዋ ከጠረጴዛዋ እርሳስ አነሳች። በአስራ አንድ ወር ውስጥ ለሌላው ሁሉ እያስሞላች ራሷ ሞልታው የማታውቀውን ቁጥር፣ በባዶው ቦታ ላይ፣ ግልጽ አድርጋ ጻፈች።

አስር።

ቁልፉን ወደ ቦታው መልሳ፣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ በሩን ከፈተች።